የዋሽንቴ እግር

ዳይሬክተር ሲባል ሰው ሁሉ የሚመጣለት ነገር አለ፤ ሰፊ ጠረጴዛ፣ የሚሽከረከር ወንበር፣ በር ላይ የተቀመጠች ጸሐፊ። የዚህ መጽሔት ዳይሬክተሮች ግን ፖስታ በምላሳቸው እያረጠቡ የሚያሽጉ፣ ቴምብር የሚለጥፉ፣ ጥቅል መጽሔት በትከሻቸው ተሸክመው ደረጃ የሚወጡ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ሰብሳቢዋ፣ አዘጋጁ፣ አታሚውና ዶክተሩ። ደሞዝ የላቸውም፤ አበል የላቸውም። ያላቸው ማዕረጉ ብቻ ነው፤ እሱንም ቤተሰቦቻቸው መቀለጃ አድርገውታል። የአታሚው ሚስት ባሏን ቆሻሻ እንዲደፋ ስታዘው እንኳ "ክቡር ዳይሬክተር፣ ባልዲው ሞልቷል" ነው የምትለው።

መጽሔቱ ስለ ወፍ ነው። በየሦስት ወሩ እየታተመ፣ ወፍ ለማየት ብለው ከሞቀ አልጋቸው ተነስተው ረግረግ ውስጥ ለሚገተሩ ሰዎች ይላካል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ከሚታሰበው በላይ ብዙ ናቸው፤ ከሚታሰበው በላይም ነገረኞች ናቸው። አንዲት ላባ በተሳሳተ ቀለም ታትማ ካዩ ለዓመታት ያነሱባችኋል።

ዳይሬክተሮቹ የሚሰበሰቡት ከመነጽር ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። መነጽር ቤቱ የሰብሳቢዋ ነው። ፊት ለፊት መነጽር ትሸጣለች፣ ከኋላ ደግሞ ዓይን ትመረምራለች፤ ስብሰባ ሲኖር የመመርመሪያውን ወንበር ወደ ጥግ ገፍታ ታጣፊ ጠረጴዛ ትዘረጋለች። ግድግዳው ላይ ከትልቅ ወደ ትንሽ እያነሰ የሚወርድ የፊደል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ስብሰባው ሲሰለቻቸው ዳይሬክተሮቹ ዓይናቸውን እሱ ላይ ጣል ያደርጋሉ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሰብሳቢዋ ጠረጴዛውን ስትዘረጋ አንደኛው እግር አልቆም ብሎ ሁለቴ ወደቀባት። ምን እንዳስጨነቃት የሚያውቅ ከእሷ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው ብላ ታምን ነበር፤ እሱም ታላቅ ወንድሟ፣ የመጽሔቱ አዘጋጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ወንድሟ "መነጽሬ የደከመ መሰለኝ፤ እስቲ አንድ ጊዜ እዪልኝ እቴ" ብሎ መጣ። ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፤ አንድ ዓይኑን ሸፈነችለት። ፊደሎቹን ከላይ እስከ ታች፣ እስከ ደቃቆቹ ድረስ፣ አንድም ሳይስት ዘለቃቸው። ደስ አላት። ቀጥሎ ግን፣ ምን እንዳሳሰባት እሷም አታውቀውም፣ ሰሌዳውን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ ያሉት ፊደሎች ሌላ ናቸው። "ቀጥል ጋሼ" አለችው። ቀጠለ። የቀድሞዎቹን ፊደሎች፣ አሁን ግድግዳው ላይ የሌሉትን፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው እርግጠኝነት አነበበላት።

ያን ሁሉ ዓመት በስብሰባ ሰዓት ከፊት ለፊቱ የኖረ ሰሌዳ ነው፤ ሳያውቀው በቃሉ ይዞታል። በመሣሪያ ስታየው የሁለቱም ዓይኖቹ መሃል እየጠፋ ነው። ዳር ዳሩን ያያል፤ ፊት ለፊቱ ያለውን አያይም። ሕክምናው ጥፋቱን ያዘገየው እንደሆነ እንጂ የሄደውን አይመልስም። ስትነግረው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ሰማት።

"ከዚች ክፍል እንዳይወጣ" አላት በመጨረሻ።

"ለዳይሬክተሮቹ እንኳ ንገራቸው እንጂ ጋሼ። የሽፋን ቀለም የምታጸድቀው አንተ ነህ።"

"ነግሬያቸውስ? መጽሔቱን ለማን ይሰጡታል ብለሽ ነው? ለዶክተሩ ነዋ። ዕድሜውን ሙሉ አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ ኖሯል። በይ ማይልኝ።"

ማለችለት። ወንድሟ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ያለው መጽሔቱ ብቻ ነው፤ ያንንስ ከእጁ ማን ይንጠቀው። ደግሞም ሊመረመር የመጣን ሰው የዓይን ሕመም አደባባይ ማውጣት በሙያዋ አይፈቀድም። እናም ዝም አለች። ይሄ ሰውዬ ግን አርፎ አይቀመጥም። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ፣ ዋሽንቴን አየሁ ብሎ መጣ።

ዋሽንቴ የሸምበቆ ወፍ ነው። ስሙን ያወጡለት እነሱ ናቸው፤ ድምፁ ዋሽንት የሚነፋ ሰው ስለሚመስል። ትንሽ፣ አመድማ፣ እግሩ ደም የመሰለ ቀይ። ሸምበቆ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚውል ሲገኝም በመከራ ነበር፤ ረግረጉ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ጭራሹን ጠፋ። የመጽሔቱ የመጀመሪያ እትም ሽፋን ላይ ያለው ዋሽንቴ ነው፤ አዘጋጁ በገዛ እጁ ሥሎት። ያን ጊዜ አታሚው ለሥራው አዲስ ስለነበር ቀዩን ቀለም ሳይደርብ ቀረና የወፉ እግር ቢጫ ሆኖ ወጣ። አንባቢው አበደ። ዛሬም ድረስ አታሚውን ለማናደድ የፈለገ "ቢጫ እግር" ማለት ይበቃዋል። አዘጋጁ ያንን ሽፋን ፍሬም አስገብቶ ከጠረጴዛው በላይ ሰቀለው፤ እንዳልኩራራ ይጠብቀኛል እያለ።

ብርቅ ወፍ አየሁ ማለት በዚህ መጽሔት ቀላል ነገር አይደለም። ድሮ አንድ አንባቢ ዋሽንቴን ሰማሁ ብሎ ጽፎላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አተሙት፤ በኋላ ሲጣራ የሰማው ዘይት ያጣ የውሃ ፓምፕ ሆኖ ተገኘ። ያ ፓምፕ ከመጽሔቱ ጋር አብሮ ሲነሳ ኖረ። ከዚያ ወዲያ አዘጋጁ ሕግ አወጣ፤ የተሰማ አይቆጠርም፣ የታየ ብቻ።

ያየ ሰው ቆሞ፣ ወረቀት ሳይዝ፣ ያየውን በቃሉ ይናገራል፤ ይጠየቃል፤ ይመልሳል። ከዚያ ድምፅ ይሰጣል። እያንዳንዱ ዳይሬክተር ሁለት አዝራር አለው፤ አንድ ጥቁር፣ ከአሮጌ ካፖርት የተቆረጠ፣ ወፍራም፤ አንድ ነጭ፣ የሸሚዝ፣ ስስ። ያመነ ነጩን፣ ያላመነ ጥቁሩን በጭብጡ ይዞ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ይጥላል፤ የቀረውን ኪሱ ይከታል። አንድ ጥቁር ከተገኘ ወፉ አልታየም። ለምን ጣልክ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ የቀረውን አዝራር አውጥቶ ማሳየት ደግሞ ከነውርም ይብሳል። ተናጋሪው ራሱ ዳይሬክተር ከሆነ መጀመሪያ የራሱን ጥሎ ይወጣል። ይህች የመጨረሻዋ ሕግ ሁልጊዜ ታስቃቸው ነበር፤ በራሱ ላይ ጥቁር የሚጥል ማን አለና።

መጀመሪያ የደረሰው አታሚው ነው። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚገባ፣ ከጥፍሩ ሥር ቀለም የማይጠፋ ሰው ነው። አልቆም ያለውን የጠረጴዛ እግር በአንድ እጁ ቀጥ አደረገላት።

"ምነው ፊትሽ ጠቆረ?"

"ሥራ በዝቶብኝ ነው።"

"ሥራስ ይብዛ" አለና ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጨቅጭቆ ያስለፈልፋት ነበር። ዛሬ ግን እሱም ጨዋታ አልያዘም።

ከእሱ ቀጥሎ ዶክተሩ ገባ። ዶክተሩ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ የበሬ ሰኮና ሲመረምር የለመደውን ትዕግሥት ሰው ላይም የሚያሳይ። ከአዘጋጁ ጋር መጽሔቱ ከተመሠረተ ጀምሮ እንደተጣሉ ነው። አንድም እትም በሰላም አልወጣላቸውም፤ በድንቢጥ ጅራት ርዝመት እንኳ ለወር ተኮራርፈው ያውቃሉ። ሰብሳቢዋ ዛሬ የምትፈራው እሱን ነበር።

አዘጋጁ መጨረሻ መጣ። ሲገባ በእጁ ጀርባ የበሩን መቃን ነካ፣ ቀጥሎ የካቢኔውን ጠርዝ ነካ፣ ከዚያ ወንበሩን አገኘ። ሰብሳቢዋ ዶክተሩን ሰረቅ አድርጋ ብታየው አቀርቅሮ መነጽሩን እየወለወለ ነው። እሰየው፣ አላየም አለች በልቧ።

"ይጀመር እንግዲህ" አለ አዘጋጁ፤ ሳይቀመጥ። "ሰዓት አናባክን።"

"እንደ ሕጉ ነው" አለች ሰብሳቢዋ። "አዘጋጁ ዋሽንቴን አይቻለሁ ብሏል። ይናገር።"

ጃኬቱን ቆለፈ። "ከጡብ ፋብሪካው ኩሬ ጀርባ ነበርኩ። ፀሐይ ወጥታ ጤዛው መርገፍ ጀምሯል። ከፋብሪካው የመኪና ድምፅ ይመጣል፤ ከዚያ ቆመ። ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። አንድ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ስብር የሚል። ዝም አለ። ተመልሶ ሁለት አጫጭር። በስተግራዬ ነበር፤ ከዚያ ወደ ውሃው ጠጋ አለ። ቆሜ አለቀስኩ፤ አልደብቃችሁም።"

አታሚው አገጩን በመዳፉ ይዞ ያዳምጣል። ሰብሳቢዋም አመነችው፤ ልጅ ሆነው ይዟት ረግረግ ሲወርድ ሲተርክላት የነበረው ወንድሟ ነው የሚናገረው።

"ከዚያ ወጣ" አለ አዘጋጁ። "ከሸምበቆው ወጥቶ ጭቃው ላይ ቆመ። ቁመቱ ከድርጭት ትንሽ ይበልጣል። ጀርባው አመድማ ነው። ደረቱ ነጣ ያለ ነው። ምንቃሩ አጭር ነው።"

ሰብሳቢዋ ይህንን ድምፅ ታውቀዋለች። ሰሌዳውን የገለበጠችበት ጊዜ ያነበበበት ድምፅ ነው፤ አንድም ሳይስት፣ አንድም ሳይጠራጠር፣ የሌለውን ፊደል የጠራበት። ይሄ ሰውዬ አላየም። ፊት ለፊቱ የተቀመጠችውን እሷን ለማየት የሚቸገር ሰው ኩሬ ተሻግሮ የወፍ ምንቃር ሊያይ አይችልም።

"ልጠይቅ?" አለ ዶክተሩ።

"ጠይቅ።"

"ምን ያህል ይርቅህ ነበር?"

"ከዚህ እስከ መንገዱ ማዶ።"

"በየት በኩል ቆሞ?"

"ጎኑን ሰጥቶኝ።"

"ጅራቱን ያንቀሳቅሰው ነበር?"

"ከፍ ዝቅ፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው።"

"ሁልጊዜ የሚያደርገውን አልጠየቅሁህም። ያን ቀን ያደረገውን ነው።"

"ያን ቀንም።"

ዶክተሩ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ፤ መለሰ፤ አንከባለለ። "እግሩስ?" አለ። ጥያቄው ልማድ እንጂ ወጥመድ አይመስልም ነበር።

"ቢጫ" አለ አዘጋጁ።

ከፊት ለፊቱ ሱቅ የግድግዳ ሰዓት ድምፅ ተሰማ። ያ ስንት ዓመት ከጠረጴዛው በላይ ተሰቅሎ ሲያየው የኖረው ሥዕል፣ ያ የተሳሳተው እግር፣ ካፉ ዱብ አለ። በዚህ ዓለም ላይ ይህንን ስህተት ሊሳሳት የሚችል ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

"ታዲያ የኔ ልጅ ነዋ" አለ አታሚው፤ ሊያስቃቸው ፈልጎ። አልሳቁለትም፤ እሱም አልሳቀም።

የወንድሟ ፊት ሲለዋወጥ አየች። ገብቶታል። እጁ የወንበሩን መደገፊያ ፈለገ። እሷ ይህንን ፊት ዳግመኛ ማየት አልፈለገችም። ምን እንደምትል ሳታስብ "ጭቃ ይሆናላ" አለች። "የዚያ ኩሬ ጭቃ እኮ ሲደርቅ ቢጫ ነው። የጡብ አፈር አይደል? እኔ ራሴ ጫማዬ ላይ አይቼዋለሁ። ከጭቃ የወጣ ወፍ እግሩ ቀይ ሆኖ ሊታይ ነው እንዴ?"

የጡብ ፋብሪካው አፈር ቀይ እንደሆነ በከተማው የማያውቅ ሰው የለም። ቤቱ ሁሉ ከዚያ ጡብ ነው የተሠራው። ራሷ የተናገረችው ራሷን አሳፈራት፤ ጆሮዋ ጋለ። ዶክተሩ ግን "ይሆናል" ብቻ አለና እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

አዘጋጁ ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። ከዚያ እጁን ኪሱ ውስጥ አስገብቶ ሁለቱን አዝራሮች አወጣና በአውራ ጣቱ ያሻሻቸው ጀመር፤ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን። ጭንቀቱ ነው ብላ አሰበች። ከረጢቱን አቀረበችለት። ጭብጡን ዘረጋ፣ ጣለ፣ ካቢኔውን ነካ፣ መቃኑን ነካ፣ ወጣ። ደንበኞች የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ሲንቋቋ ሰሙት።

ዶክተሩ ጣለ። አታሚው ጣለ። ሁለቱም ከረጢቱን እንጂ አንዳቸው ሌላኛቸውን አላዩም።

የእሷ ተራ ሆነ። ጭብጥዋ ውስጥ ሁለቱም አዝራሮች አሉ። ጥቁሩን ብትጥል እውነት ነው፤ ወንድሟን ግን በእጇ ገፍታ እንደመጣል ነው፤ ለዚያውም ዓይኑን ያየችው እሷ፣ ምስጢሩን የማለችለት እሷ። ነጩን ብትጥል ውሸቱ ይታተማል። ሰዎች ያንን ገጽ ይዘው ከሩቅ ከተማ ይመጣሉ፤ ኩሬው ዳር ይቆማሉ፤ የሌለ ወፍ ይጠብቃሉ። ይህንን መጽሔት ሰው የሚያምነው ስለማይዋሽ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ዶክተሩ ጥቁር እንደጣለ እርግጠኛ ነበረች። እንግዲያው የእኔ ነጭ ምን ይጎዳል አለች። ወፉ እንደሆነ በዶክተሩ እጅ ሞቷል፤ እኔ ብቻ ወንድሜን ያልገደልኩ ልሁን። ነጩን ጣለች። ሐሳቧን ስታስበው አስጠላት፤ ግን ጣለች።

ከረጢቱን ገለበጠችው። ሦስት ነጭ፤ አንድ ጥቁር።

እዚህ ላይ ስብሰባው ማለቅ ነበረበት። ሕጉ እንደዚያ ነው። እሷ ግን ውስጧ የታመቀው ሁሉ መውጫ አገኘ።

"እንኳን ደስ አለህ ዶክተር" አለች።

"ለምኑ?"

"ስትመኘው የኖርከው አይደል? ነገ መጽሔቱን ትረከባለህ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ይለፈው ብትል ምን ነበረበት? ሸምግሏል። ሚስቱን አጥቷል። አንዲት ወፍ ነው የለመነህ።"

"ሰብሳቢ፣ ይህንን መጠየቅ ነውር ነው።"

"ነውሩንማ ያደረግኸው አንተ ነህ።"

"ተይው እስቲ" አለ አታሚው፤ "ተዪ፣ ይሰማል።"

"ይስማ። ጓደኛዬ የሚለውን ሰው ይወቀው።"

ዶክተሩ ተነሳ። ቁመቱ መብራቱን ሊነካ ደረሰ። ቁጡ ሰው አይደለም፤ አሁን ግን አገጩ ይንቀጠቀጣል። እጁን ኪሱ ከትቶ አወጣና መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ አነሳው። የቀረው አዝራር ጥቁር ነው።

ሰብሳቢዋ አዝራሩን አየችው። ከዚያ ወደ አታሚው ዞረች።

"እኔን አትዪኝ" አለ አታሚው። ቀለም ባዘለው ጥፍሩ ኪሱን በርብሮ ሌላ ጥቁር አዝራር ከመጀመሪያው አጠገብ አስቀመጠ። "ስንት ጊዜ እኮ ነው፤ የሽፋኑን የሙከራ ኅትመት ሳመጣለት አፍንጫው ላይ ለጥፎ ነው የሚያየው። በጣም ጥሩ ይለኛል፤ ቀለሙ ግን የተበላሸ ነው። ተመልሼ ሄጄ ራሴ አስተካክለዋለሁ። ለማን ልናገር?"

"እኔን ባለፈው መንገድ ላይ አልፎኝ ሄደ" አለ ዶክተሩ፤ ቀስ ብሎ እየተቀመጠ። "ሰላም ብለው ዞሮ የስልኩን እንጨት ሰላም አለ። ኩርፊያ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ለአንቺ እንዳልነግርሽ ወንድምሽ ነው፤ ትደነግጫለሽ ብዬ።"

ሰብሳቢዋ የራሷን አዝራር አወጣች። ጥቁር ነው። ሦስቱ ጥቁር አዝራሮች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው፣ ሦስት ሰዎች ዙሪያቸውን ተቀምጠዋል። አራተኛው ዳይሬክተር ውጭ አግዳሚው ላይ ነው፤ ኪሱ ውስጥ የቀረው ነጭ ነው። እሷን እፍረት ወረራት። የወንድሟን ስም ጠብቃለሁ ብላ የዋሸችው እሷ ናት፤ እውነቱን የተናገረው እሱ።

በሩ ተከፈተ። ያን ሁሉ ጩኸት ሰምቶ ኖሮ ጥሪ አልጠበቀም።

"ስንት ጥቁር ተገኘ?"

"አንድ" አለችው።

"አንድ ብቻ?" አለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እንደ ልማዱ የጠረጴዛውን ጠርዝ ሊያገኝ እጁን ሲዘረጋ ጣቱ አዝራር ነካ። ዳሰሰው፤ ወፍራም ነው። ቀጥሎ ያለውን ዳሰሰ። ሦስተኛውንም።

"እነዚህ ከከረጢቱ የወጡ አይደሉም።"

"አይደሉም ጋሼ።"

"የቀሯችሁ ናቸው።"

"አዎ።"

"ዶክተር፣ አንተም?"

"እኔም።"

"አንተ? አንዲት ድንቢጥ እንኳ ሳትነዘንዘኝ አሳልፈህልኝ የማታውቀው ሰውዬ?" ድምፁ ከፍ አለ። "እኔ ዋሸሁ። እሺ፣ ሰው ነኝ፣ ዋሸሁ። እናንተ እዚህ የተቀመጣችሁት ለምንድን ነው ታዲያ? ለፖስታው ነው? ለቴምብሩ? ስዋሽ ውሸት ነው እንድትሉኝ አልነበረም? ውጭ ተቀምጬ፣ የእኔ ጥቁር ባይኖር እንኳ የዶክተሩ አይቀርም ብዬ ልቤን እያረጋጋሁ ነበር።"

"ለምን ታዲያ ቃሌን ትቼዋለሁ አላልክም?" አለ ዶክተሩ።

"ለምን ተውከው ትሉኛላችኋ። ለምኑን መናገር አቃተኝ።" ወደ እህቱ ዞረ። "ልጥል የነበረው ነጩን ነው፤ አልደብቅሽም። ሳልገባ ወስኜ ነው የመጣሁት። ከዚያ ጭቃ ነው ስትይ ሰማሁሽ። አንቺ እኮ በልጅነትሽ ስኳር ሰርቀሽ እንኳ ሰው ሳይጠይቅሽ የምትናገሪ ነበርሽ። ለእኔ ብለሽ እዚህ ክፍል ውስጥ ስትዋሺ ሰማሁ። ያንን ሰምቼ ነጩን መጣል አልቻልኩም።"

እሷ አለቀሰች። ድምፅ አላሰማችም፤ እንባዋን ግን አልጠረገችውም።

አዘጋጁ ነጩን አዝራር ከኪሱ አውጥቶ ከጥቁሮቹ ጋር ደባለቀው። "በል መጽሔቱን ውሰደው ዶክተር። ሽፋን ማየት አልችልም። ብዙ ነገር ማየት አልችልም።"

"ወስጄው ከማን ጋር ልጣላ?" አለ ዶክተሩ።

አታሚው በአፍንጫው ሳቀ። ዶክተሩ ግን አልሳቀም። መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን በእጁ ጀርባ አሸት አሸት አደረገ።

"ሰምቼዋለሁ እኮ" አለ አዘጋጁ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ያኛው ውሸት አይደለም።"

"ፓምፕ እንዳይሆን" አለ አታሚው።

"ፓምፕ መጨረሻው ላይ ስብር አይልም።"

"በል ተነስ" አለ ዶክተሩ። "ሕጉን ኋላ እንጣላበታለን። አሁን ተነስና እንደገና ንገረን። የነበረውን ብቻ።"

አዘጋጁ ተነሳ። ጃኬቱን ቆለፈ። ኩሬውን ተናገረ፣ ጤዛውን ተናገረ፣ የፋብሪካው መኪና እንደቆመ ተናገረ። ረጅሙን ድምፅ በከንፈሩ አፏጨላቸው፤ ስብራቱን፣ ዝምታውን፣ ሁለቱን አጫጭሮች። ዶክተሩ ከየት ወደ የት እንደሄደ ጠየቀው፤ በእጁ አሳየ። ምን ያህል ጊዜ እንደደገመው ጠየቀው፤ አላስታውስም አለ። አላስታውስም ሲል ሰብሳቢዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላም ተሰማት።

"እግሩስ?" አለችው።

ፊቱን ወደ ድምፅዋ አዞረ። "እግሩን አላየሁትም" አለ። ቀጥሎም "አንቺንም አላይሽም እቴ። ከገባሁ ጀምሮ ፊትሽን አላየሁትም" አላት።

ሰብሳቢዋ ይህንን ታውቀው ነበር። በመሣሪያ አይታዋለች፤ መሃሉ እንደጠፋ ለእሱ የነገረችው እሷ ናት። ያ የጠፋው መሃል የእሷን ፊት ይዞ እንደሄደ ግን እስከዚያች ደቂቃ አልታሰባትም። ተነሳች። ወንበሯን አንስታ ጠረጴዛውን ዞረችና ከጎኑ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ የዓይኑ ዳር በሚደርስበት ቦታ ተቀመጠች።

"አሁንስ ጋሼ?"

አንገቱን ሳያዞር ቆየ።

"አሁን መጣሽ" አለ።